ገደል ያልከተትኩት ደብተር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሦስት የነፍስ አባቶች በየተራ ቀብሬያለሁ፤ ለሦስቱም ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በጉርምስናዬ የሰው አጥር መዝለሌን ሳይቀር ዘርዝሬ ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቼ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተባልኩ። ምኔን ነበር የፈቱኝ? ያልነገርኳቸውን ማን ይፈታዋል? ሚስቴም ሳታውቅ ሞተች። አሁን ዕድሜዬ ሰማንያን ሊረግጥ ነው። ዓይኔ ደክሟል፤ እጄ ግን አሁንም ይጽፋል፤ ስለዚህ ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ እጽፋለሁ። ፊታችሁን የማይ ቢሆን ኖሮ እንደማልጽፈው አውቀዋለሁ።

ወንድይራድ እባላለሁ፤ የአንኮበር ልጅ ነኝ። አባቴ ቄስ ነበሩ። እኔም ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር፤ ቅኔው አልገባ ቢለኝ ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ መጻፍ ተማርኩ። በእጅ ጽሕፈቴ ሰው ይቀናብኝ ነበር። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ግን መጽሐፍ የሚያስጽፍ ጠፋ። ቤቱ ዛሬ ይቃጠል ነገ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ዳዊት ያስጽፋል? ሚስቴ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ጎተራችን ባዶ ነው። እንዲህ ባለሁበት ጊዜ አንድ ፈረንጅ አማርኛ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ።

አገሬው «የጭላዳው ዶቶሬ» ይለው ነበር። ከወታደሮቹ ጋር ይምጣ እንጂ ወታደር አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብርድ የማይችል ሰው ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ጭላዳ የሚባለውን የደጋ ዝንጀሮ አሳብና ጠባይ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ማን ከማን እንደሚታረቅ እንደሚያጠና በሰባራ አማርኛ ያስረዳል። ዶክተር የተባለ ሁሉ ሐኪም ነው ብሎ የቆረጠው የእኛ ሰው ግን «ሰው በየቤቱ እያቃሰተ ለጭላዳ ሐኪም ታዘዘላት» እያለ ይስቅ ነበር። እናቶች የታመመ ልጅ አዝለው ደጁ ሲቆሙ ሐኪም አይደለሁም ማለት አቅቶት የራሱን የወባ ኪኒን አከፋፍሎ ጨረሰው። በኋላ ንዳድ ሲይዘው ለራሱ አንዲት ፍሬ አልተረፈውም።

ዶቶሬ ሁለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ አንዱ የሚጽፍ፣ ሌላው ጭላዳን የሚያውቅ። የሚጽፈው እኔ ሆንኩ። የሚያውቀው እንድሪስ ሆነ።

እንድሪስ የአልዩ አምባ ሰው ነው። ጨውና ጥጥ ከቆላ ወደ ደጋ፣ እህል ከደጋ ወደ ቆላ በበቅሎ ሲያመላልስ የኖረ ነጋዴ ነበር፤ በቅሎዎቹን ወታደሮቹ ነጥቀው ባዶ እጁን አስቀርተውታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ገደል አፋፍ ላይ ጭነት እያራገፈ ሲያርፍ ጭላዳዎቹን ሲያይ ኖሯል። ማንበብ አይችልም። እኔ ደግሞ ስለ ጭላዳ የማውቀው ገብስ እንደሚሰርቅ ብቻ ነበር። እሱ ያያል፣ ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሽ እንድሪስ እለው ነበር፤ እሱም ሲወደኝ ወንድዬ፣ ሲቀልድብኝ «ደብተራው» ይለኝ ነበር።

ያንን ዘመን እንዴት ልንገራችሁ? አገር እየተቃጠለ ነበር፤ የእኔ ግን በሕይወቴ ከኖርኩት ሁሉ ጥሩው ጊዜ ያ ነው። ይህን ማለቴ ራሱ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ጠዋት ከአንኮበር ወጥተን አፋፉ ላይ ጓሳ ሣር ውስጥ እንቀመጣለን። ፀሐይ ገደሉን ስትመታው ጭላዳዎቹ ካደሩበት ሥንጥቅ አንድ በአንድ እየወጡ፣ ደረታቸው ላይ ያለውን ቀይ ገላ ለፀሐይ ሰጥተው ቁጭ ይላሉ። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይቀምላሉ። የዶቶሬ ባርኔጣ ያስደነብራቸው ስለነበር የአባቴን አሮጌ በርኖስ አልብሰነዋል፤ ከሩቅ ለሚያየው የመንዝ ባላገር ይመስላል። ቆሎ መብላት አስተማርነው። አንዲት ፍሬ አንስቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ቆርጥሞ፣ ከዚያ ሌላዋን ያነሳል። እንድሪስ «በዚህ አያያዝህ ለመውሊድም ለፋሲካም አትደርስም» ሲለው ሳይገባው አብሮን ይስቅ ነበር።

ለጭላዳዎቹ ስም አወጣንላቸው። ባለ ትልቁን ጋማ ወንድ ግራዝማች አልነው። ሚስቶቹ አምስት ነበሩ፤ ከሁሉ የምታኮርፈዋን እሜቴ አልናት። ከጎረምሶቹ መንጋ መጥቶ ግራዝማችን የሚፈታተነውን አባ ጉልቤ አልነው። አንድ ቀን አባ ጉልቤ ግራዝማችን ደብድቦ ሚስቶቹን ወሰደበት። ዶቶሬ የተሸነፈው ይባረራል ብሎ ጠብቆ ነበር። እንድሪስ ግን ቆይ እያለ ሦስት ሳምንት አሳየን፤ ግራዝማች ጋማው ረግፎ፣ ደረቱ ገርጥቶ፣ እዚያው ቤተሰቡ መሀል ልጆቹን ተሸክሞ ይዞራል። ማንም አልነካውም። ዶቶሬ እንድሪስን አቅፎ ሳመው። ያ ነገር በኋላ በአገሩ ስሙን ያስጠራለት ነገር ነው፤ ያየው ግን እንድሪስ ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዶቶሬ በጽሑፍ ጥብቅ ነበር። «ተቆጣ» ብዬ ስጽፍ ያሰርዘኛል። ቁጣ አይታይም፤ የታየው ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ማሳየቱ ነው፤ እሱን ጻፍ ይለኛል። ደብተሩ ትልቅ፣ ልባሱ ጠንካራ ነበር። ገጾቹን የጣሊያኖቹ ምሽግ ውስጥ ያለው ሹም ቁጥር ሰጥቶ በማኅተም መትቷቸዋል። በየወሩ መጨረሻ ደብተሩ ወደ ምሽጉ ይወጣና አስተርጓሚው አገላብጦ አይቶ ይመልሰዋል፤ ዶቶሬ የሥራ ፈቃድ የተሰጠው በዚህ ውል ነው። እኔ ደግሞ ደብተሩን ወደድኩት። በየገጹ መስመር አሰመርኩ፤ ለቀን፣ ላደሩበት ገደል፣ ለብዛታቸው፣ ለታየው ነገር፣ ለምክንያቱ የየራሱ ቦታ ሰጠሁ። ርእሱን በቀይ ቀለም ጻፍኩ። በየወሩ መግቢያ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሐረግ ሣልኩበት። አባቴ አንድ ቀን አይተው «ለዝንጀሮ ሐረግ ሣልክላት?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ጻፍኩ። ከዚያ ደብተር የሚያምር ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

በዘጠነኛው ወር ጭላዳዎቹ የሚያድሩበትን ገደል ተዉት። ማታ ማታ እየተግተለተሉ አልፈውት ሄደው ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ያድራሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ስድስት ቀን ሆነ። በደብተሩ ላይ የምክንያቱ ቦታ ስድስት ጊዜ ባዶ ቀረ። ዶቶሬ «እኔ ነኝ ያስበረገግኋቸው፣ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ሆነ» እያለ እህል አልቀምስ አለ። በመጨረሻም በገመድ ወደ ገደሉ ወርዶ የሚያድሩበትን ሥንጥቅ ራሱ ሊያይ ወሰነ።

ይህን እንደሰማ እንድሪስ እጄን ይዞ ከጅብራው ተክል ጀርባ ወሰደኝ።

«ወንድዬ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ግን አማራጭ አጣሁ» አለኝ። «ከሥንጥቁ ሥር ካለው ዋሻ ሰው አለ። የቆሰሉ አርበኞች ናቸው። ጭላዳዎቹ የሸሹት ጭሱን ነው። ሰውዬው ከወረደ ወይ ይገድሉታል ወይ ያስገድላቸዋል። አንተን ይሰማሃል፤ መልሰው። ይህ አማና ነው፤ ከአንተ እንዳያልፍ።»

ማልኩለት። በአባቴ መስቀል ማልኩለት። ለዶቶሬም ነብር ገብቶባቸው ይሆናል አልኩት። ነብሩን አይተሃል? አለኝ። አላየሁም። ዳናውን? አላየሁም። እንግዲያው አትጻፍ፤ ንዳዴ ሲተወኝ እወርዳለሁ ብሎ ትኩሳቱን ይዞ ቤቱ ተኛ።

በማግስቱ አፋፉ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። እንድሪስ ወደ አልዩ አምባ ወርዷል። ጭጋጉ ተነስቶ ቆላው እስከ አዋሽ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እነዚያን ስድስት ባዶ ቦታዎች አያቸዋለሁ። ጸሐፊ ባዶ ቦታ አይወድም። ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ዶቶሬ አያውቀውም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ገደል ሊገባ ነው። ለምን በአፌ አልነግረውም ነበር? ስንት ጊዜ ይህን ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። ዶቶሬ የሚያምነው ደብተሩን ነው፤ እኔም ደብተሩ ሙሉ ሆኖ እንዲያየው ፈለግሁ። እውነተኛውን ምክንያት እኔ እንዳገኘሁት እንዲያውቅልኝ ፈለግሁ። አሳይቼው ወዲያው እፍቀዋለሁ ብዬ እርሳሱን አነሳሁና በስድስቱ ቦታ ላይ አንዲት መስመር ሰድጄ «ከሥሩ ባለው ዋሻ ሰው ስላለ» ብዬ ጻፍኩ።

እፍቀዋለሁ ማለቴን ልብ በሉልኝ። ብራና ላይ ያደገ ሰው የተሳሳተውን በሰንጢ ይፍቃል፤ በምራቁ እርጥብ ያደርጋል፤ በጥፍሩ ያለሰልሳል፤ ስሕተቱ እንዳልነበረ ይሆናል። በዚያ መተማመኔ ነው የጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ለዶቶሬ አሳየሁት። በጣቱ እየተከተለ፣ ፊደል በፊደል አነበበው። ሲጨርስ ደብተሩን ከደነው። አይወርድም፤ ያን አገኘሁ። ከዚያ ደብተሩን መልሶ ሰጠኝና «አጥፋው» አለኝ፤ «አሁን።»

ወደ ደጅ ወጣሁ። ሰንጢዬን አውጥቼ ፋቅሁት። የፈረንጁ ወረቀት ሳሳ፣ ጸጉር አወጣ። ጣቴን በምራቄ አርሼ አሸሁት። ያ እርሳስ እርጥበት ሲነካው ቀለም የሚሆን እርሳስ ኖሮ ጽሑፉ ወይን ጠጅ ሆኖ ፈካ። ባሸሁት ቁጥር ደመቀ። ገጹን እንዳልቀድ በቁጥር ነው፣ በማኅተም ነው። ተመልሼ ገባሁና አጥፍቼዋለሁ አልኩት። ትኩሳቱ ስላደከመው አላየውም፤ አመነኝ።

የወሩ መጨረሻ በማግስቱ ነበር። ደብተሩን ወደ ምሽጉ የምወስደው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። መንገዱ አፋፍ አፋፉን ነው፤ በስተቀኝ ገደል፣ እኔ መሀል፣ ደብተሩ ከብብቴ ሥር። እጄን ብዘረጋ ያበቃ ነበር። ተንሸራትቼ ወደቀብኝ ብል ምን ይደርስብኛል? ምናልባት ጥፊ፣ ምናልባት ጥቂት ቀን እስራት። አንድ ቦታ ላይ ቆምኩም። ደብተሩን ከብብቴ አወጣሁት። አወጣሁትና ገለጥኩት። ሐረጎቹን አየሁ፣ ቀዩን ርእስ አየሁ፣ የግራዝማችን ነገር የጻፍኩበትን ገጽ አየሁ። የስምንት ወር ድካሜን አየሁ። አስተርጓሚው ገጹን ያገላብጣል እንጂ አንብቦ አያውቅም፣ ያልፈዋል አልኩ። እንደማያልፈው ልቤ ያውቅ ነበር። ወይን ጠጅ ሆኖ የፈካ መስመር ማን ያልፋል? ደብተሩን መልሼ ከብብቴ ሥር ከተትኩትና ወደ ምሽጉ ገባሁ። እኔ ነኝ የወሰድኩት። በእጄ ነው የሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከገደሉ በኩል ተኩስ ተሰማ። ብዙ አልቆየም፤ ከዋሻው የተረፈ የለም። ዋሻው ውስጥ የነበሩት ሁለት ቁስለኞችና እነሱን የምታስታምም አንዲት ሴት ናቸው። ሴቲቱ አስካለ ነበረች፤ የልጄ የክርስትና እናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብረ ሲና ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች ይባል ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር። እሷ መኖሯን ባውቅ ደብተሩን እጥለው ነበር? እጥለው ነበር። ታዲያ ሁለቱ ሰዎች ሰው አልነበሩም?

አርበኞቹ ዝም አላሉም። ጭጋጉ በበረታበት ሳምንት፣ ከምሽጉ በራቀ ሸለቆ ውስጥ አገሩን ሁሉ ለአውጫጭኝ ጠሩት። አውጫጭኝ ለማታውቁ፣ አጥፊው ያልታወቀ ጥፋት ሲኖር የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። አንድ በአንድ ከሽማግሌዎች ፊት እየቀረበ ይምላል፤ የሚያውቀውንም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ይናገራል። ማን እንደተናገረ አይገለጥም፤ የተናገረችው ወፍ ናት። ደካማው ኃይለኛውን እንዳይፈራ አባቶቻችን ያበጁት ጥሩ ሥርዓት ነው። እኔ ግን የፈሪ መደበቂያ አደረግሁት።

ሁለት ቀን ተቀመጥን። ከፈረንጁ ጋር የምንውለው እኔና እንድሪስ ስለነበርን ዓይን ሁሉ እኛ ላይ ነው። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ የሟቿ አበልጅ ነኝ፤ በለቅሶዋ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀስኩ ነኝ። እሱ ከቆላ የወጣ ነጋዴ ነው። ተራዬ ሲደርስ ቀረብኩ፣ ማልኩ፣ ከዚያም «እንድሪስ ዋሻውን ያውቅ ነበር ብላ ወፍ ነገረችኝ» አልኩ። ውሸት ነበር? አልነበረም። አንዲት ፊደል ውሸት የለባትም። እውነቱን ቆርሼ የእኔን ቁራሽ አስቀርቼ ነው የሰጠኋቸው። ሰው በእውነት እንዲህ አድርጎ ይገድላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እንድሪስን አቁመው ጠየቁት። ዋሻውን ታውቅ ነበር? አውቅ ነበር፤ ዳቦ የማደርስላቸው እኔ ነኝ አለ። ለሰው ተናግረሃል? አሉት። በሃይማኖቱ ሲያስምሉት ቀና ብሎ፣ ወደ እኔ ሳያይ መለሰ።

«ወላሂ፣ ለአንድ ሰው ተናግሬያለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ በአማና ነው የነገርኩት። ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው።»

አንድ ቃል ነበር የሚጎድለው፤ የእኔ ስም። አስር እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ያቺን ቃል ጠበቅሁ፤ ሳትወጣ ስትቀር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው። የአርበኞቹ አለቃ ይረሸን አለ፤ ሽማግሌዎቹ ዳቦ ያደርስ የነበረ ሰው ነው ብለው ለመኑለት። አገር ለቆ እንዲሄድ ተፈረደበት። ቤቱ ተቃጠለ። ባንዳው እንድሪስ ተባለ።

ዶቶሬ ደብተሩ ከምሽጉ ሲመለስለት ገልጦ አየው። በሦስተኛው ቀን ዕቃውን አስሮ የአባቴን በርኖስ አጥፎ መለሰልኝና ደብተሩን ይዞ ሄደ። ጭሱ ከጠፋ በኋላ ጭላዳዎቹ ወደ ገደላቸው ተመለሱ። እኔም ከልምዴ የተነሳ ሄጄ ብቻዬን አፋፉ ላይ ተቀምጬ ቆጠርኳቸው። ግራዝማች ልጆቹን ተሸክሞ ነበር። የምጽፍበት ግን የለኝም።

ጣሊያን ወጣ። እኔ ደብረ ብርሃን ገብቼ ሠላሳ ዓመት የእጅ ጽሕፈት አስተማርኩ፤ የተከበርኩ ሰው ሆንኩ። እንድሪስ በአፋር በረሃ ንዳድ ይዞት መሞቱን ነፃነት በተመለሰበት ዓመት ሰማሁ። ሚስቱ ፋጡማና ልጁ ዘሃራ አልዩ አምባ ቀሩ። ወደዚያ ገበያ ስወርድ እነሱ የሚቀመጡበትን ረድፍ እየዞርኩ አልፈው ነበር።

ዓምና ከአዲስ አበባ አንዲት ወጣት ተመራማሪ ቤቴ ድረስ መጣች። እነዚያኑ ጭላዳዎች፣ የግራዝማችን የልጅ ልጆች ታጠናለች። ዶቶሬ በአገሩ ታላቅ ሰው ሆኖ፣ መጻሕፍት ጽፎ፣ ብዙ ተማሪ አፍርቶ፣ አርጅቶ መሞቱን ነገረችኝ። ወረቀቶቹ በሙሉ ቤተ መዛግብት ገብተዋል፤ በሣጥን ተቀምጠዋል፤ እጅን ሳይታጠቡ አይነኩም። ከሁሉ በክብር የሚጠበቀው የእኔ ደብተር ነው አለች። የገጾቹን ፎቶግራፍ ዘረጋችልኝ። ሐረጌን አየሁት። ሃምሳ ዓመት አልፎት ቀዩ አልደበዘዘም። ደስታና ሽብር አንድ ላይ መጡብኝ፤ አለቀስኩ፤ እሷም በናፍቆት መሰላት።

«አባባ፣ ይህቺ መስመር ቀለሟ ፈስሶ አስቸገረችኝ» አለችኝ አንዱን ፎቶ አቅርባ። «ከጎኗም በሌላ እጅ አማርኛ ተጽፏል፤ ምን ለማለት ነው?»

በዶቶሬ ጎባጣ ፊደል «ለምን ገደል አልከተትከውም?» ይላል።

በፊቴ ያልጠየቀኝን ደብተሩ ላይ ጠይቆኝ ነበር። ዓይኔ አያይም ልጄ አልኳት። አንብቤው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ መቃብሬ አፍ ላይ ቆሜ፣ እንደገና ዋሸሁ። ፎቶውን ግን ተዪልኝ ብዬ አስቀረሁት።

ከወር በኋላ በገበያ ቀን አልዩ አምባ ወረድኩ። ዘሃራ በርበሬና ዝንጅብል ትሸጣለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል፤ ቁጭ ብላ ቀና ስትል አባቷን ናት። ከጎኗ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፎቶውን አውጥቼ ሁሉንም ነገርኳት። ዋሻውን፣ እርሳሱን፣ ገደሉን፣ ወፏን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ዝንጅብሏን ማስተካከል ቀጠለች።

«እኛ እናውቅ ነበር» አለችኝ። «አባቴ የሄደ ቀን ለእናቴ ነግሯታል። አማና ነው ስላለን ዝም አልን። እናቴም በዝምታ ሞተች።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«እኔን ‹ይቅር በይኝ› አይበሉኝ። ያላወቅሁትን አልነገሩኝም። ለማያውቁት ይንገሩ።» በእጇ ገበያውን አሳየችኝ።

ተነሳሁ። ገበያው መሀል ቆምኩ። ሰው ሁሉ ነበር፤ የእነዚያ ሽማግሌዎች ልጆች፣ የአስካለ ወንድም የልጅ ልጅ ጭምር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጥቂት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። አፌን ከፈትኩና ከአጠገቤ ያለውን ሰው «በርበሬው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ዘሃራ ሰማችኝ።

በአፌ ያልሆነልኝን እነሆ በእጄ ጻፍኩት። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ልጅ ነበረችኝ አልልም፤ ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም። በዚያው ክፉ ዘመን እንድሪስ እንዴት እንዳደረገ አይታችኋል። ዋሻውን ያስያዘው የእኔ እጅ ነው። አውጫጭኙ ላይ የተናገረችው ወፍ እኔ ነኝ። ለእኔ የምለምናችሁ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ያን ቀን ከገበያ ስመለስ አንዱን ወጣት፣ ያቺ በርበሬ ሻጭ የማን ልጅ ናት ብዬ ጠየቅሁት። ዘሃራ ፋጡማ ትባላለች አለኝ። በእናቷ ስም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የአባቷን ስም ሊጠራ የደፈረ የለም፤ ወጣቱ ለምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ከእናንተ አልዩ አምባ የሚወርድ ካለ፣ በርበሬ ሻጮቹ ዘንድ ይሂድና ሰው እንዲሰማ አድርጎ ይጥራት። ዘሃራ እንድሪስ ይበላት።